ፊልም በማን ስንቅ ይሠራል?

ጋይንት ውስጥ ያለችው ቤተ ልሔም የድጓ መመስከሪያ ናት። ድጓን በሌላ አገር የተማረ ሰው እርሷ ዘንድ ደርሶ ካልተመሰከረለት በቀር ትምህርቱ እንደ ተፈጸመ አይቈጠርለትም ነበር፤ ዛሬም ስሟ በዜማ ሊቃውንት ዘንድ የተከበረ ነው። ወደዚያ የሚሄደው ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቦ፣ የውሻ መከላከያ ዱላውን ይዞ ይሄዳል እንጂ የሚከፍለው ገንዘብ የለውም፤ የሚያስተምሩትም የኔታ ደመወዝ ቈጥረው አያስተምሩም። ስንቁ ከየቤቱ ደጃፍ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የሚለምነው ቁራሽ ነው። እኔ ይህን እያየሁ ያደግሁ ሰው ስለ ሆንሁ፣ ስለ ሲኒማ ገንዘብ ለመጻፍ ብዕሬን ባነሣሁ ጊዜ አስቀድሞ የታየኝ ያ አኩፋዳ ነው። አንባቢ ሆይ፣ አኩፋዳና ሲኒማን ምን አገናኛቸው ብለህ አትሳቅብኝ፤ ጥቂት ታገሠኝ።

በ2010 ዓ.ም. የእኅቴ ልጅ ከአዲስ አበባ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ፊልም ልሠራ አስቤአለሁ» አለኝ። ልጁ የፊልም ሥራ የተማረ ነው፤ የሚተዳደረው ግን የሰርግ ቪዲዮ እየቀረጸ ነው። አሳቡም አንድ የድጓ ተማሪ ከአገሩ ተነሥቶ፣ በየመንደሩ እየለመነ፣ ዮሐንስን አስተምሕሮን ጾመ ድጓንና ፋሲካን እየተሻገረ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ለምስክር ቤተ ልሔም ሲደርስ ለማሳየት ነበረ። ጠላት የለበትም፤ ፍቅረኛ የለበትም፤ የሚሞትም የለበትም። እኔም እንደ ሽማግሌ ልማድ፣ «ታዲያ ይህን ማን ያይልሃል?» ብዬ ጠየቅሁት። ልጁም፣ «ማን ያያል የሚለውስ በኋላ ይደረስበታል፤ አሁን የቸገረኝ ማን ይከፍላል የሚለው ነው» ብሎ የወጪ ደብተሩን አወጣልኝ።

ደብተሩን ያነበብሁ ጊዜ ፊልም ማለት ጥበብ ከመሆኑ በፊት ጭነት መሆኑ ገባኝ። ካሜራው በቀን የሚከራይ ነው፤ ዝናብ ቢጥልም ባይጥልም፣ የኔታ ቢታመሙም ባይታመሙም ኪራዩ ይቈጠራል። ድምፅ የሚቀዳው፣ መብራት የሚይዘው፣ መኪና የሚነዳው ሁሉ ቀለብና አበል ይፈልጋል። መኪና በማይገባበት መንገድ ዕቃውን የሚሸከም በቅሎ አለ። ከባህል መሥሪያ ቤትና ከሀገረ ስብከት የፈቃድ ወረቀት እስኪገኝ የሚበላው የሆቴል ምሳም አለ። ከሁሉ የባሰው ግን እኔ ፈጽሞ ያላሰብሁት ነው። የድጓ ተማሪ ቃሉን የሚያጠናው ሌሊት፣ በጨለማ፣ መጽሐፍ ሳያይ ነው። ይህን ለመቅረጽ መብራት ያስፈልጋል፤ ለመብራቱ ጄኔሬተር ያስፈልጋል፤ ጄኔሬተሩ ሲጮኽ ዜማው አይሰማም። ከጎጆው አርቀው ቢያቆሙት ረዥም ገመድ ይጠይቃል፤ ገመዱ ተገኝቶ ብርሃኑ በገባ ጊዜ ደግሞ ተማሪው ዓይኑን እያሻሸ ዜማውን ይስታል። እንግዲህ የሚቀረጸው ነገር በተቀረጸበት ሰዓት ራሱን የሚያጣ ከሆነ፣ ለዚህ መድኀኒቱ ብዙ ሌሊት መቀመጥና ሰዉ ካሜራውን እስኪለምድ መጠበቅ ብቻ ነው። መጠበቅም ገንዘብ ነው።

ልጁ ገንዘብ ፍለጋ በሁለት በር ሄደ። መጀመሪያ የሄደው ስፖንሰር ወደሚባለው ነው። አንድ የመኮሮኒ ፋብሪካ በመልካም ፊት ተቀብሎት፣ ገንዘቡን እንሰጥሃለን፣ ነገር ግን ተማሪው በአንድ ቦታ መኮሮኒያችንን ሲበላ ይታይ፣ ካርቶኑም ከበስተኋላው ይቀመጥ አሉት። ቁራሽ ለምኖ የሚያድር ተማሪ ጎጆ ውስጥ የመኮሮኒ ካርቶን! እኔ ሣቅሁ፤ ልጁ ግን ሁለት ቀን ሲያስብበት ሰነበተ፤ የቸገረው ሰው የሚያስቅ ነገር እንኳ ያሳስበዋልና።

ሁለተኛው በር የውጭ አገር የርዳታ ድርጅት ነበረ። ከብዙ ወራት በኋላ የመጣው መልስ በትሕትና የተጻፈ ነው። ታሪኩ ውብ ነው፤ ነገር ግን ተማሪው ከትምህርት ቤቱ አምልጦ ወደ ከተማ ቢሄድ፣ ረኀቡና የመምህሩ ቁጣም ጎልቶ ቢታይ፣ ለዓለም ተመልካች ይበልጥ ይገባ ነበር ይላል። በጎጆ ቤት ረኀብ የለም፣ የኔታ አይቈጡም ብዬ አልዋሽም፤ ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ። የሚያመልጡም አሉ። ነገር ግን ልጁ ሊያሳይ የፈለገው ሳያመልጥ የቀረውን ነበረ። ይህን ባነበብሁ ጊዜ አንድ የቆየ ነገር ትዝ አለኝ። ቶማስ ፓክናም የሚባል እንግሊዛዊ በ1940ዎቹ መጨረሻ ጋይንት ደርሶ፣ የቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን ከክቡ የሣር ክዳን ሥር በድንጋይና በእንጨት የተሠራ አራት ማዕዘን ያለው ጥንታዊ ሕንፃ መሆኑን አይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ለዓለም ነገረ። መልካም አደረገ፤ መጽሐፉም የፍቅር መጽሐፍ ነው። ሆኖም «ተገኘች» ሲባል፣ በዚያው ሕንፃ ውስጥ በየሌሊቱ ማሕሌት የሚቆሙት ካህናት ምን ብለው ይሆን እያልሁ አስባለሁ።

የልጁ ችግር የእርሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጀመርሁት። በአዲስ አበባ የተከፈተውን የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰይሞት እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ሰይጣኑን መፍራት ከቀረ በኋላም ገንዘቡን መፍራት አልቀረም። በ1957 ዓ.ም. «ሂሩት አባቷ ማነው?» በጥቁርና ነጭ፣ በ1966 ዓ.ም. ደግሞ «ጉማ» ከታዩ ወዲህ፣ ለሲኒማ ቤት የሚሆን ረዥም የአገር ልጅ ፊልም በጣት የሚቈጠር ሆኖ ኖረ፤ ጥሬ ፊልሙ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ ከተቀረጸም በኋላ ለማጠብ ወደ ባሕር ማዶ ይላካል። ደርግ በ1978 ዓ.ም. ያቋቋመው የፊልም ኮርፖሬሽንም ከመንግሥት ለውጥ በኋላ በ1991 ዓ.ም. ግድም ተዘጋ። መንግሥት ሲከፍል መንግሥትን የሚያስደስት ፊልም ይሠራል፤ መክፈሉን ሲያቆም ምንም አይሠራም። ይህ ብዙ ማብራሪያ አይሻም። በ2010 ዓ.ም. የፊልም ፖሊሲ ጸድቋል፤ ፖሊሲ ግን ካሜራ አይከራይም።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ግን የተማሩ ሰዎች ከሚገባው በላይ ይንቁታል። በ1990ዎቹ አጋማሽ እነ «ጉዲፈቻ» እና «ቀዝቃዛ ወላፈን» በቪዲዮ ካሜራ ተሠርተው ሲኒማ ቤት በገቡ ጊዜ፣ ሰዉ በአምባሳደርና በሌሎቹ ሲኒማ ቤቶች ደጃፍ ተሰልፎ በራሱ ብር የራሱን ቋንቋ ማየት ጀመረ። አንዱ የመኪና መግዣውን፣ አንዱ ከዘመድ የተበደረውን እያፈሰሰ ፊልም ይሠራል፤ ከትኬቱ ግብሩ ይነሣል፤ ሲኒማ ቤቱም ድርሻውን ይወስዳል፤ በቀረው ዕዳ ይከፈላል፤ ከተረፈም ሌላ ፊልም ይጀመራል። ይህን መናቅ አይገባም፤ ኢትዮጵያዊ ፊልም በኢትዮጵያዊ ተመልካች ገንዘብ የኖረበት ዘመን ነውና። ነገር ግን ከፋዩ ማን እንደ ነበረ እንመልከት። ሲኒማ ቤት ያለው በአዲስ አበባና በጥቂት ከተሞች ነው፤ ትኬት የሚገዛውም ቅዳሜና እሑድ ጓደኛውን ይዞ የሚወጣ የከተማ ወጣት ነው። ስለዚህ የፍቅር ቀልድ በዛ። የገጠር ሰውም በፊልሙ ውስጥ የሚገባው ሊያስቅ ብቻ ሆነ፤ ሊፍት ያስደነግጠዋል፣ ሻወር ያስጮኸዋል፣ ጋቢውን እያዝረከረከ በአስፋልት መካከል ይሮጣል። የእስቴና የስማዳ ገበሬ ትኬት ሳይገዛ ስለ ቀረ፣ ለገዙት መሣቂያ ሆነ። በኋላም እ.ኤ.አ. በ2016 ቃና ቴሌቪዥን የቱርክን ድራማ በአማርኛ እያሰማ ተመልካቹን በየቤቱ አስቀረ፤ በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ሲኒማ ቤቶቹን አዘጋ፤ ብዙው ፊልም ሠሪ ወደ ዩቲዩብ ፈለሰ።

በውጭ ገንዘብ ከተሠሩት መካከል ያሬድ ዘለቀ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው «ላምብ» የሚባለው ፊልም ይጠቀሳል። ከኢትዮጵያ ሌላ የፈረንሳይ፣ የጀርመን፣ የኖርዌይና የኳታር ገንዘብ ገብቶበታል፤ በካን ፌስቲቫል በይፋ ከተመረጡት ፊልሞች መካከል የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም እርሱ ነው። እናቱ የሞተችበት ኤፍሬም የሚባል ልጅ በጉን ይዞ ዘመድ ቤት ይጣላል፤ አጎቱም በጉን ለበዓል ሊያርድ ያስባል። ልጁ ወጥ መሥራት ይወዳል፤ አጎቱ ይህን የሴት ሥራ ብሎ ይቈጣዋል። ይህ ክፍል እውነተኛ ነው፤ በዚያች ማድ ቤት ውስጥ ያለውን ጢስ በዓይኔ ቀመስሁት። ተራሮቹ ግን በእንግዳ ዓይን የታዩ መሰለኝ። እኛ ጉናን ስናይ ዝናብ መጣ ወይስ አልመጣ ብለን እናያለን እንጂ ቆመን አናደንቅም፤ ፊልሙ ግን ደጋግሞ ቆሞ ያደንቃል። ይህን ማለቴ አዘጋጁን ለመንቀፍ አይደለም፤ አገሩን የሚወድ ሰው ነው። ሩቅ ያለ ከፋይ ሳያዝዝም እንኳ ካሜራው እርሱ ወደሚያየው እንደሚዞር ለማሳየት ነው። በከፋዩና በተመልካቹ መካከል የባለ ታሪኩ ነገር ሲረሳ ደግሞ የባሰ ይመጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስና በበርሊን የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘው «ድፍረት» በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ ሊመረቅ እንግዶች ከተቀመጡ በኋላ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ፤ ፊልሙ የተሠራባት ሴት አልተጠየቅሁም ብላ ነበርና። በኋላ ፊልሙ ታየ፤ ነገሩ ግን ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

አሁን ወደ ኃይሌ ገሪማ ልምጣ። የጎንደር ልጅ ነው፤ አባቱ ገሪማ ታፈረም «ጎንደሬ በጋሻው» የተባለውን መጽሐፍ የጻፉ አርበኛና የቲያትር ሰው ነበሩ። ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣውን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የቀረጸው በአብዮቱ ዋዜማና መባቻ፣ በጥቂት ሳምንታት፣ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ የተዋናይነት ልማድ ከሌላቸው ሰዎች ጋራ ነው። ጥሬ ፊልም በጫማ እየተለካ የሚገዛ ውድ ነገር ነው። እንዲህ ያለ ድኻ አዘጋጅ ቢቈጥብ በምን ይቈጥብ ነበር? በማረሻ ይቈጥብ ነበር ትላለህ፤ ገበሬ ሲያርስ አንዴ ከታየ ይበቃልና። እርሱ ግን በሬ ሲጠመድ፣ ትልም ሲወጣ፣ ገበሬው ጅራፉን ሲያጮህ፣ ባለ ርስቱ በወንበሩ ተቀምጦ ሲጮኽ፣ ያን ውድ ፊልም ሳይሳሳ አፈሰሰው። የሚበዛው ሰው አሰልቺ ይለዋል። እኔ ግን ሰው የሚያከብረውን ነገር የምናውቀው በችግር ጊዜ ገንዘቡን ምን ላይ እንደሚያወጣ በማየት ነው እላለሁ፤ ከዚህም የተነሣ ያን ፊልም ከሁሉ አስበልጬ እወደዋለሁ።

«ጤዛ» ከዚህ የተለየ መንገድ ሄደ። አዘጋጁ ራሱ እንደ ተናገረው ዐሥራ አራት ዓመት ፈጅቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የፊልም ድርሰት ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት አገኘ። አንበርብር የሚባለው ምሁር በጀርመን አገር ተምሮ፣ አንድ እግሩን አጥቶ፣ በደርግ ማብቂያ ላይ ከጣና ሐይቅ አጠገብ ወዳለው መንደሩ ይመለሳል። የመንደሩ ክፍል እጅግ የበሰለ ነው፤ የእናቱ ዝምታ፣ ከአፈሳ ሸሽተው በዋሻ የተደበቁት ልጆች፣ የሐይቁ ጧት። የጀርመኑን ክፍል ግን ያን ያህል አልወድደውም። ገንዘቡ እስኪገኝ ቆይቶ ለብቻው የተቀረጸ ነው፤ ሰዎቹም እንደ መንደሩ ሰዎች አይኖሩም፣ ይናገራሉ፤ ጊዜው ሳያልቅ ሁሉንም ለማለት የሚቸኩሉ ይመስላሉ። የፊልም ድኽነት ጠባሳው እንደዚህ ነው፤ በልብስ ወይም በመብራት አይታይም፤ ሰው በፊልሙ ውስጥ ዝም ለማለት ጊዜ ሲያጣ ይታያል።

ስለ ስንቅ ከተነሣ ግን የምናስታውሰው «ሳንኮፋ»ን ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ይህ ስለ ባርነት የተሠራ ፊልም ሲያልቅ የአሜሪካ አከፋፋዮች አንቀበልም አሉ። ኃይሌና ሚስቱ ሽሪኪያና አይና አዳራሽ እየተከራዩ፣ በየከተማው ያሉትን የጥቁር ሕዝብ ማኅበራት እየለመኑ፣ ፊልሙን ከከተማ ወደ ከተማ አዞሩት፤ በዋሽንግተን ብዙ ሳምንት ታየ። በስሙም በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ የመጽሐፍና የፊልም መደብር ከፈቱ። ይህስ አኩፋዳ አይደለምን?

በበረዶ አገር ያሉ ሰዎችም ይህን ያውቁታል። ስኖሞቢል በሚሉት፣ በበረዶ ላይ በሚሮጠው ሞተር ላይ ፊልም የሚሠሩ ወጣቶች አሉ፤ ባለ ሞተር ፋብሪካው ከከፈለ ፊልሙ የፋብሪካው ሞተር ማሳያ ይሆናል፤ በረዶው ካልወረደም ዓመቱ ሁሉ ከሰረ። ዋረን ሚለር የተባለው የበረዶ ሸርተቴ ፊልም ሠሪ ግን እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ አዳራሽ እየተከራየ፣ ከመጋረጃው አጠገብ ቆሞ ፊልሙን በራሱ አፍ እየተረከ፣ ከከተማ ከተማ እየዞረ በትኬት ኖረ። ጉና ላይ በረዶ ወርዶ ቢያድር እንኳ ፀሐይ ሲሞቅ ይቀልጣል፤ እኛ ሸርተቴ የለንም። የሰውዬው ዘዴ ግን የእኛ ነው።

የምለው ይህ ነው፤ ከአንድ ቤት የሚበላ ሰው የዚያ ቤት ሰው ነው፤ ከመቶ ቤት የለመነ ተማሪ ግን የማንም አሽከር አይሆንም። አንዲት ባልቴት እንጀራዋን ስለ ሰጠች፣ «ዜማውን እንዲህ አድርገህ ለውጠው» አትለውም። ሆኖም ራሴን ማታለል አልፈልግም። ልመና ዕድሜ ይበላል። ድጓ ከጀመሩት መካከል ስንቱ በፈንጣጣ፣ በታይፎይድ፣ በናፍቆት ወድቆ ቤተ ልሔምን ሳያይ ቀረ? ዐሥራ አራት ዓመት በአንድ ፊልም ያለፈ ሰው ሌላ ሦስት ፊልም ሳይሠራ ቀርቷል። ለማኝም ቢሆን የሚያስጥለውን ቃል እየለየ የሚያዜም ጊዜ አለ። ነጻነቱ በነጻ አይገኝም፤ ነገር ግን ይህ ዋጋ የሚከፈለው ከሠሪው ዕድሜ ነው፤ የመኮሮኒው ዋጋ የሚከፈለው ከተማሪው ጎጆ ነው።

የእኅቴ ልጅ የሰርግ ቪዲዮ እየቀረጸ ያጠራቀመውን ይዞ አምስት ዓመት ተመላለሰ። በጥር 2015 ዓ.ም. ከተቀረጸው ሃያ ሁለት ደቂቃ ያህሉን አሰናድቶ፣ ነፋስ መውጫ አንድ አዳራሽ ተከራይቶ፣ በነጭ አንሶላ ላይ አሳየ። መግቢያው 20 ብር ነበረ፤ ካህናትና ተማሪዎች ያለ ክፍያ ገቡ። ከአንድ የኔታም ጋራ ከፊት ወንበር ተቀመጥን። የቀኑን ብርሃን የሚያሳየው ክፍል ሲያልፍ ምንም አላሉም። በመጨረሻው አካባቢ ልጁ መብራቱን ትቶ ጨለማውን እንዳለ የቀረጸው አንድ ሌሊት አለ፤ በአንሶላው ላይ ምንም አይታይም፤ የተማሪው ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ ሦስት ደቂቃ ያህል። ከኋላ ያሉት ፊልሙ ተበላሸ ብለው ማጉረምረም ጀመሩ። የኔታ ግን በመቋሚያቸው ወለሉን መታ መታ እያደረጉ ተከተሉት፤ ሲያበቃም ወደ ልጁ ዘወር ብለው፣ «አንድ ቦታ ስቷል። ይህን ልጅ አምጣልኝ፣ አቀናዋለሁ» አሉት።

«እሺ የኔታ፤ ፊልሙስ እንዴት ነው?» አላቸው።

«ፊልሙማ ጨለማው ላይ ጥሩ ነው» አሉ።

ማታ ገንዘቡን አብረን ቈጠርነው። የአዳራሹና የጄኔሬተሩ ነዳጅ ተከፍሎ የተረፈው ለአንድ ቀን ካሜራ ኪራይ የሚበቃ ነበረ። ከዚያ ወደ ደብረ ታቦር፣ ወደ እስቴ መካነ ኢየሱስና ወደ ስማዳ ወገዳ ይዞት ሊሄድ ወስኖ ነበር፤ በዚያው ዓመት በክልሉ ጦርነት ተነሣና መንገዱ ተዘጋ። አንሶላውን እኔ ዘንድ አስቀምጦታል።